ምዕራፍ ሰባት፦ ግቢው የሚያበላት ኤሊ

መርሳ ፍራፍሬ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከወልድያ በደሴው መንገድ ስሪንቃን አልፎ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ እንደ ወቅቱ ብርቱካኑን፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውን በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ያገኘዋል። መርሳ በምትገኝበት በሀብሩ ወረዳ ብዙ ጓሮ ውስጥ ለልጅ የሚላጥ ፍሬ፣ ለበግ የሚጣል ልጣጭ አለ። በዚህ አገር ግቢው ውስጥ ኤሊ ያለችው ሰው የበሰለ ማንጎ ቆርሶ ፊቷ ቢያስቀምጥ ከደግነት ነው። ኤሊዋም አንገቷን አስግጋ ትበላዋለች፤ በማግስቱም ያንኑ ትጠብቃለች። ሰውን የሚያሳስተው ይኸው ነው፤ እንስሳ የወደደው ሁሉ የሚስማማው ይመስለናል።

የመሬት ኤሊ ሆድ የተሠራው ለጠንካራ ሣር ነው። የነጨችውን ሣር የሚያብላሉላት በትልቁ አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በዚህ ረገድ ከላም ይልቅ ለፈረስ ትቀርባለች፤ ላም በፊተኛው ሆዷ አብላልታ መልሳ ታመነዥካለች፣ ፈረስና ኤሊ ግን ሥራውን ለኋለኛው አንጀት ይተዉታል። አንድ ጉርሻ ሣር ከአፏ ተነሥቶ እስኪወጣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ ዘገምተኛ ጉዞ መካከል ስኳር በብዛት ሲገባ ሣር የሚያብላሉት ተሕዋስያን ይዳከማሉ፣ ስኳር የሚወዱት ይበዛሉ፤ ሆዷ ይነፋል፣ ኩሷ ይቀጥናል፣ የአንጀት ጥገኞች ይፈላሉ።

የካልሲየሙ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የኤሊ ቅርፊት እንደ ልብስ የተደረበ ነገር ሳይሆን ከጎድንና ከጀርባ አጥንቷ ጋር የተዋሐደ የገዛ አካሏ ነው። ያን ሁሉ አጥንት ለመሥራት ከምትበላው ነገር ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። በሙዝ ውስጥ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን አራት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። በቆሎም ከዚያ የከፋ ነው። ፓፓያ በዚህ በኩል የተሻለ ቢሆንም ስኳሩ አይቀርም። እንጀራ፣ ዳቦና የወጥ ትራፊም ለኤሊ አይሆኑም። በሙዝና በዳቦ ያደገች ኤሊ ለዓመታት ደህና ልትመስል ትችላለች፤ ከዚያ ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት ይለዝባል፣ እግሮቿ ሰውነቷን መሸከም ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ መመለሱ ከባድ ነው።

ታዲያ በዱር ምን ትበላለች? በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ሜዳ፣ ካሩ በሚባለው ምድር፣ ወደ ታች የምገልጻት ዝንጉርጉር ኤሊ የምትበላው ተጠንቶ ከ70 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ሣር፣ ውሃ የቋጠሩ ወፋፍራም ቅጠሎች፣ በዝናብ ማግስት የሚበቅሉ ትናንሽ አረሞች። ፍሬ የምትበላው ወድቆ ስታገኘው ብቻ ነው። አጥንት ትቆረጥማለች፤ የጅብ ኩስም ትበላለች። ጅብ አጥንት ስለሚሰለቅጥ ኩሱ እንደ ኖራ የነጣ ነው፤ ለኤሊዋ የካልሲየም ምንጭ ይሆናታል። ይህን ያወቀ ሰው በግቢው ጥግ በፀሐይ የደረቀ ንጹሕ አጥንት ወይም ተፈጭቶ የተነጠፈ የእንቁላል ቅርፊት ማኖር ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ከምትበላው ነገር እኩል የአበላሏ ሁኔታም ወሳኝ ነው። ኤሊ ጥርስ የላትም። እንደ ወፍ ምንቃር አላት፤ ይህ ምንቃር ዕድሜዋን በሙሉ ያድጋል፣ የሚሞርደውም ጠንካራ ሣር መንጨቱ ነው። ለስላሳ ፍሬ ብቻ የምትበላ ኤሊ ምንቃሯ ረዝሞ ይጣመማል፤ በመጨረሻ መብላት ይከለክላታል። ደግሞም በዱር ያለች ኤሊ ቀኑን ሙሉ እየተራመደች እዚህ ጥቂት እዚያ ጥቂት ትነጫለች። በቀን አንዴ በሳህን የሚቀርብላት ግን በአሥር ደቂቃ ጨርሳ ጥላ ሥር ትተኛለች፤ እግሯ አይሠራም፣ ትወፍራለች። ስለዚህ የእኔ ጽኑ እምነት ይህ ነው፦ ኤሊ የሚያኖር ሰው ከሁሉ በፊት መትከል አለበት። ግቢው ራሱ መሰማሪያዋ ይሁን፤ ከእጅ የሚሰጠው ማሟያ ብቻ ይሁን። ለዚህም ከሩቅ የሚመጣ ዘር አያስፈልግም፤ የሀብሩ እርከንና የመንገድ ዳር የሚበቃውን ይዟል።

የትኛዋ ኤሊ እንደሆነች አስቀድሞ መለየት ይገባል። ከወንዝ ዳር የምትያዘው፣ ቅርፊቷ ዝርግ የሆነ፣ ስትነካ የምትሸተው የውሃ ኤሊ ሥጋ በል ናት፤ ይህ ምዕራፍ እሷን አይመለከትም። ከመሬት ኤሊዎች በአገራችን በሰፊው የሚታወቁት ሁለቱ ናቸው። አንደኛዋ ቅርፊቷ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ፣ በቢጫ ላይ ጥቁር የተረጨባት ዝንጉርጉር ኤሊ ናት፤ ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አሉ። ሁለተኛዋ አሸዋ የመሰለ መልክ ያላት፣ ጭኗ ላይ የሾሉ ቅርፊቶች ያሏት፣ ከሴኔጋል እስከ ኤርትራና ኢትዮጵያ በበረሃው ጠርዝ የምትኖረው ናት፤ እስከ 100 ኪሎ ትደርሳለች፣ ጉድጓድ መቆፈርም ትወዳለች። ሁለቱም ሣር በል ናቸው፤ ሁለቱም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ዛሬ ለልጅ መጫወቻ ተብላ የገባች ኤሊ የልጅ ልጅ ታያለች ማለት ነው።

ከዱር አንሥቶ ወደ ቤት ማምጣት ግን አይገባም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን መያዝ በፈቃድ አስሮታል። ኢትዮጵያ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚገድበውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስን፣ ከተቀበለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ የመሬት ኤሊዎች በሙሉ በዚያ ስምምነት ይጠበቃሉ። በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ የተባለው መጠለያ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችንና ጦጣዎችን ብቻ ሳይሆን ኤሊዎችንም ያስጠጋል። የማወራው እንግዲህ ከአባት ከአያት ጀምሮ በግቢ ስለኖሩ፣ በትምህርት ቤትና በመጠለያ በፈቃድ ስለተያዙ ኤሊዎች ነው።

ወደ ተክሉ እንግባ። መጀመሪያ ሰርዶ። በተረቱ አህያዋ ከሞትኩ በኋላ አይብቀል ያለችው ሰርዶን መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢረገጥ፣ ቢጋጥ፣ ቢደርቅ መልሶ የሚያቆጠቁጥ እንደ እሱ ያለ ሣር ማግኘት ያስቸግራል። ሰርዶ ለመትከል ዘር አያስፈልግም። መሬት ላይ የሚሳበውን ሐረግ ብታዩት በየጣት ስፋቱ አንጓ አለው፤ ከእያንዳንዱ አንጓ ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ይወጣል። ሦስት አንጓ ያለበትን ቁራጭ ሁለቱን አንጓ አፈር ማልበስ፣ አንዱን ከላይ ማስቀረት ነው ሥራው። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ርቀት የተተከለ ሰርዶ እስከ መስከረም መሬቱን ይሸፍነዋል። እስከዚያ ኤሊዋ እንዳትደርስበት መከለል ያስፈልጋል። ሥሩ ሳይይዝ ከተነጨ ተነቅሎ ይመጣል፤ ከያዘ በኋላ ግን መነጨቱ ያወፍረዋል እንጂ አይጎዳውም።

ቀጥሎ በለስ። ይህ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል በሰሜኑ በኩል ገብቶ በትግራይና በራያ ለሰውም ለከብትም የድርቅ ቀን ደራሽ ሆኗል። ለኤሊ እንደ በለስ ያለ ቅጠል ጥቂት ነው፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ቃጫም አለው። ዓመት የሞላው ቅጠል ከመገጣጠሚያው ላይ በቢላ ይቆረጥና ጥላ ላይ ይቀመጣል። የተቆረጠው አፍ እስኪደርቅ፣ አንድ ሳምንትም ሁለትም ይፍጅ፣ መትከል አይገባም፤ እርጥብ ቁስሉን አፈር ካገኘው ይበሰብሳል። ከደረቀ በኋላ ሢሶው ተቀብሮ፣ ውሃ በማይቋጥር ጠጠራማ ቦታ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ይተከላል። ኤሊዋ መደቡ ላይ አትወጣም፤ ያደገው ቅጠል ግን በየጊዜው እየተቆረጠ ይወርድላታል። ረጅሙ እሾህ ብዙም አይጎዳትም። የሚጎዳው በዓይን እምብዛም የማይታየው እንደ ጠጉር የረቀቀው እሾህ ነው። የራያ ሰዎች ለከብት ሲሰጡ እንደሚያደርጉት በእሳት ነበልባል ላይ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። ከድርቆሽ ጋር ይሰጥ፤ ብቻውን ሲበዛ ሆድ ያላላል።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በግቢው እርጥብ ጥግ ጎርጤብና ልት በራሳቸው ይመጣሉ፤ አለመንቀል ብቻ ነው። የዱባና የስኳር ድንች ሐረግ ቅጠላቸው ጥሩ ነው። ሽፈራው በመርሳ ሙቀት ፈጥኖ ያድጋል፤ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ፕሮቲኑም ብዙ ስለሆነ በልክ ይሰጥ። የጽጌረዳ አበባ ትወዳለች፤ በመስከረም አደይ አበባውን ከነግንዱ ትበላለች። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁንላት። ቆስጣ ግን ይቅር ባይ ነኝ፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ውሕድ ካልሲየሙን አስሮ እንዳትጠቀምበት ያደርጋል። አሉማም በዚሁ ይጠረጠራል፤ ጥቂት አይጎዳም፣ ዋና ምግብ ማድረግ ግን አይገባም።

ከሚተከለው ይልቅ የሚነቀለውን ማወቅ ይበልጥ አጣዳፊ ነው፤ ምክንያቱም የሀብሩ አጥር ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። ቅንጭብ ሲሰበር የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ያሳውራል፣ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ቁልቋልም እንዲሁ ነው። በለስንና ቁልቋልን ልጅ ሊያምታታቸው ይችላል፤ ነጭ ወተት ካፈሰሰ በለስ አይደለም፣ ከግቢው ይውጣ። ጉሎ፣ አጤ ፋሪስ፣ እንዶድ፣ እንዳሁላ፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ቶብያው፣ ለአበባው ብለው የሚያሳድጉት የወፍ ቆሎም ጭምር ሥራቸው ሳይቀር መነቀል አለባቸው። ማሽላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሪንቃ በማሽላ ምርምሩ የሚታወቅ ማዕከል ያለባት፣ ማሽላ የዕለት እንጀራ የሆነባት አገር ናት፤ ገበሬውም በድርቅ የቀጨጨ ቡቃያ ማሽላ ከብት እንደሚገድል ያውቃል። በቡቃያው ውስጥ ሲያናይድ የሚያመነጭ ውሕድ ስላለ ነው። ለኤሊም አይሰጥ።

ስለ ቅንጬ አረም ግን ትንሽ ልቆይ፤ የሚያሳዝነኝ ነገር አለና። ፓርቲኒየም የሚባለው ይህ አረም በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ድሬዳዋና ሐረርጌ ውስጥ ነው። ከእርዳታ እህል ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ብዙዎች ይጠረጥራሉ። ዛሬ በቆቦና በሀብሩ የመንገድ ዳር፣ የግጦሽ መሬትና የማሽላ ማሳ ይዟል። አንድ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ይጥላል፤ በአጠገቡ ያለውን ዕፅ የሚያቀጭጭ ውሕድ ከሥሩና ከቅጠሉ ያወጣል። ከብት ከቸገረው ይበላውና ወተቱ ይመራል፤ ሰው በእጁ ሲነቅለው ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክከዋል። ለኤሊ ግቢ ትልቁ ጥፋቱ ሰርዶውን፣ ጎርጤቡንና ልቱን ማባረሩ ነው። ከማበቡ በፊት፣ አፈሩ ከዝናብ በኋላ ሲለሰልስ፣ በጓንት ተይዞ ከነሥሩ ይነቀል። ካበበ ነቅሎ መጣል ዘሩን ማዞር ነው፤ ደርቆ ይቃጠል። አፈር ወይም ፍግ ከውጭ ስታመጡ አብሮ እንዳይገባ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ሌላው ከውጭ የሚገባ አደጋ መድኃኒት ነው። በዚሁ በሀብሩ፣ ግራና በምትባለው ቦታ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል፤ ከእንዲህ ያለ ማሳ የታረመ ሣር ለምለም ስለሚሆን ያጓጓል። የተባይ መድኃኒት የተረጨበት መሆን አለመሆኑ ካልታወቀ ግን ለኤሊ አይሰጥ። በግቢ የሚተከልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው፤ ምን እንደተረጨበት ባለቤቱ ያውቃል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጠባብ ግቢ ምን ቢተከልበት በሳምንት መላጣ ይሆናል፤ ስለዚህ ያለው ቦታ በሙሉ ለአንዴ አይከፈትላትም። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ባለ የድንጋይ ካብ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል፤ በአንዱ ስትሰማራ ሌላው ያገግማል። ሰርዶው ጣት ያህል ሲቀር ታልፋለች፤ እስከ ሥሩ መጠበቅ አይገባም። የካብ ሥራ የወሎ ሰው ያውቅበታል፤ ለኤሊም ከሽቦ አጥር ይልቅ ካብ ይሻላታል። ማዶውን የምታይበት አጥር ሲሆን ቀኑን ሙሉ እሱን እየገፋች ትውላለች፤ ካብ ከሆነ ትተወዋለች። ለቆፋሪዋ ዝርያ ግን ካቡ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ መሬት መውረድ አለበት፣ ያለዚያ በሥሩ ትወጣለች። ለስላሳ ችግኝ በመሬቱ መካከል ሲተከል በዙሪያው ትላልቅ ድንጋይ ይከበብ፤ ከድንጋዩ ውጭ የወጣውን ትበላለች፣ ግንዱ ይተርፋል። ከሁሉ የምወደው ዘዴ ዱባውንና የስኳር ድንቹን ከካቡ ውጭ ተክሎ ሐረጉን ወደ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ሥሩ እንዳትደርስበት ሆኖ ይኖራል፣ ቅጠሉ ግን ይወርድላታል።

ወልድያና መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ለኤሊ የተለያዩ አገሮች ናቸው። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። መርሳ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። የአገራችን ኤሊዎች እንደ አውሮፓዎቹ ረጅም የብርድ ወቅት እንቅልፍ አይተኙም፤ በዚያ የተጻፈ መመሪያ አንብቦ ለብርድ መተው ሞት ነው። በወልድያ የጭቃና የድንጋይ ትንሽ ጎጆ፣ በሯ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ ገለባ የተጎዘጎዘባት፣ ሌሊት የምትዘጋ ያስፈልጋታል። የተክሉም ቀን ይለያያል። በልጉ ከጣለ ሰርዶው ከየካቲት ጀምሮ ያገግማል፤ ካልጣለ ከኅዳር እስከ ሰኔ የሚያሻግራት በለሱና በጥቅምት ታጭዶ የተከመረው ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ለክፉ ቀን ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን በሙሉ ቢኖር ሆዷን ያስተካክልላታል።

ተክሉ ከመብል ሌላ ጥቅም እንዳለው ያሳየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የቪየና የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች ጭኗ ላይ የሾሉ ቅርፊቶች ያሏትን የበረሃ ዝርያ ጫጩቶች በተለያየ እርጥበትና ምግብ አሳድገው አይተው ነበር። ቅርፊታቸው እንደ ጉብታ ጉብታ የሆነው በደረቅ አየር ያደጉት ናቸው፤ የፕሮቲኑ መብዛት ያመጣው ልዩነት ትንሽ ነበር። የበረሃ እንስሳ ናት ብሎ ጫጩቷን በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ማሳደግ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በዱር ጫጩቶቹ ከቁጥቋጦና ከሣር ሥር፣ እርጥበት ከማይጠፋበት ቦታ አይወጡም። የተጠላለፈ ሰርዶ ሥር እጅ ቢከቱ ከላዩ አየር ይልቅ ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ነው። ጫጩት ያለበት ግቢ እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ጥግ ይኑረው፤ ከጎኑም ጠርዙ ከመሬት እኩል የሆነ፣ ውሃው እንዳያሰጥማት ጥልቀት የሌለው ገበቴ ይቀበር።

ፍየልና በግ ባለበት ቤት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በኤሊ አንገትና እግር ሥር የሚሰወሩ መዥገሮች ሃርትዋተር የተባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል ገዳይ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ2000 ዝንጉርጉሯንና የበረሃዋን ኤሊ ወደ አገሯ እንዳይገቡ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ኤሊዋ ከከብቱ ጋር በአንድ ሣር አትሰማራ፤ በየጊዜው አንገቷ ሥር ይታይ፣ መዥገር ከተገኘ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። ልጆችም ነክተዋት ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኤሊ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች።

ግቢው ከተለመደ በኋላ አንድ ያልታሰበ ነገር ይታያል፦ ማንም ያልተከለው ችግኝ ከኩሷ ይበቅላል። ዘር በሆዷ ውስጥ ለቀናት ቆይቶ ሳይሞት ይወጣልና የበላችውን እየዘራች ትሄዳለች። የሣሩና የልቱ ቡቃያ ይቆይ። የበለሱ ፍሬ ከተሰጣት ግን ቡቃያውን ጥፍር ሳያክል መንቀል፣ ኩሱንም ወደ ግጦሽ መሬት አለመጣል ያስፈልጋል፤ በለስ በግቢ መደብ ላይ ጥሩ ጎረቤት ቢሆንም ከእጅ ካመለጠ የከብቱን ሜዳ ይዘጋል። ፍሬውን ሰው ይብላው፤ ለእሷ ቅጠሉ ይበቃታል።